አራቱ ሲያንቀላፉ

በጋራዡ አካባቢ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ሁሉም «ጋሽ ጆሮ» ነው የሚለው፤ ፊት ለፊቱ በአክብሮት፣ ዞር ሲል በሳቅ። ስሙን ያወጣለት ጎማ ሻጩ ጎረቤቱ ነው ይባላል፤ ጎማ ሻጩ ግን ሽምጥጥ አድርጎ ክዷል። ማንም ያውጣው ማን፣ ልክ አውጥቶለታል። ጋሽ ጆሮ ኮፈን ከፍቶ የረጅሟን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ ያሳርፍና እጀታዋን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። በዚያች ሰዓት ጣሪያው ቢወርድ አይነቃነቅም። ቆየት ብሎ ቀና ይልና «ሦስተኛው ቫልቭ ላልቷል» ወይም «የውሃ ፓምፑ ሊሰናበት ነው፤ ቀድማችሁ ተሰናበቱት» ይላል። ሲፈታ እንዳለው ይሆናል።

ሚስቱ በዚህ ነገር ስትቀልድበት ነው የኖረችው። «እኔ ሳወራ ካቻቢቴህን የት ትጥላታለህ?» ትለዋለች። እሱ ደግሞ «ምን አልሽ?» ይላል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ሰውዬው ለብረት የሰጠውን ጆሮ ለሰው ነፍጎ ነበር። ሰው ሲያናግረው ግማሹን ይሰማል፣ የቀረውን ራሱ ይሞላበታል፤ የሚሞላው ደግሞ ያው የራሱን ሐሳብ ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም። ችኩል ነው፤ ወሬ ይረዝምበታል።

የዘንድሮው ጣጣ የመጣው ከሐኪም ቤት ነው። ራሱን እያዞረው አላስቀምጥ ሲለው ሚስቱ እየጎተተች ወሰደችው። ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አሳርፎ ሰማ፣ ደም ግፊቱን ለካ፣ መድኃኒት ጻፈለትና «ጠዋት ጠዋት ይሥሩ፤ ከምሳ በኋላ ግን ይረፉ። ጎንበስ ቀና ማለቱንም ይቀንሱ» አለው። ጋሽ ጆሮ ከበሩ እንደወጣ ቱግ አለ።

«ማዳመጫዋን ለጠፍ አድርጎ አነሳት! አየሽው አይደል? እኔ አሮጌ ታክሲ ላይ እንኳ እንዲህ በጥድፊያ ፈርጄ አላውቅም።»

«ታክሲው ጨው አያበዛም» አለችው ሚስቱ።

ጋራዡ ውስጥ አብራው የምትሠራው ልጁ ናት። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብታ ተማረች፣ ከዚያ እሱ ዘንድ መጥታ እንደገና ተማረች፤ አሁን ራሷ የልጆች እናት ናት። መፍቻዎቹ የሚሰቀሉበት ግድግዳ ላይ የየመፍቻውን ቅርጽ በቀለም የሣለችው እሷ ናት፤ አንዱ ከቦታው ከጠፋ ባዶው ቅርጽ ያሳብቃል። ሐኪሙ ያለውን ስትሰማ እፎይ አለች፤ እፎይታዋንም አልደበቀችም።

«በቃ አባዬ፣ ጠዋት አንተ፣ ከሰዓት እኔ። ምን አለበት?»

«ግማሽ ቀን የሚሠራ ሰው ግማሽ ሰው ነው።»

«ኧረ አባዬ!»

«ነገርኩሽ። መጀመሪያ ከሰዓት ቅር ይሉሃል። ቀጥለው ጠዋትም ባትመጣ ምን ቸገረህ ይሉሃል። ከዚያ ወንበርህ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል።»

ወንበር ያለው ከተጣለ መኪና ነቅሎ በሩ አጠገብ የተከለውን የሹፌር መቀመጫ ነው። ከመቀመጥ ብዛት የተነሳ ስፖንጁ የሱን ቅርጽ ይዟል። ይህን ሰው ከወንበሩ መነሳትን ያህል የሚያስፈራው ነገር አልነበረም። መሞትን እንኳ እንደዚያ አይፈራም፤ ቁጭ ብሎ መረሳትን ግን ይፈራ ነበር። ስለዚህ የሐኪሙን ቃል ከመድኃኒት ማዘዣው ጋር አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሥራውን እንደ ወትሮው ቀጠለ።

አንዲት አዋላጅ መኪናዋን ያመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ባለ ስምንት ሲሊንደር ትልቅ መኪና ነው፤ ወንድሟ ሥራ ተቀይሮ ራቅ ወዳለ ቦታ ሲሄድ የተወላት ነው። የምትሠራበት ሆስፒታል ከከተማው ወጣ ያለ በመሆኑ በየቀኑ ረጅምና ደልዳላ መንገድ ትነዳለች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል» አለች። «ከተማ ውስጥ ምንም አይልም። ሜዳው ላይ ወጥቼ እግሬን ቀለል ሳደርግ ግን ድምፁ ይወፍራል፤ እንደሚያጉረመርም ሰው ይሆናል። ዳገት ስጀምር ደግሞ ይተወዋል። ይሄ ሁሉ ሆኖ ቤንዚን አይበላብኝም፣ እንደ ትልቅነቱ ቢሆን እኮ...»

«ነይ፣ አስነሺው፤ አብረን እንውጣ» አለ ጋሽ ጆሮ።

ልጁ ከሌላ መኪና ሥር ብቅ ብላ «አባዬ፣ ይሄ ሞተር እኮ...» ስትል በሩን ዘግቶት ነበር።

አዋላጇ እየነዳች፣ እሱ ከጎኗ አንገቱን ወደ ሞተሩ አስግጎ ወጡ። ሜዳው ላይ እንደደረሱ ድምፁ መጣ። ስምንት ሆኖ ሲመታ የነበረው ሞተር ምቱ ተራራቀ፤ ድምፁ ወረደ፣ ወፈረ። ሌላ መካኒክ ቢሆን የጭስ ማውጫው ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ግን በጣቱ ጉልበቱን እየመታ ቆጠረ።

«አራቱ ሞተዋል» አለ።

አዋላጇ ደነገጠች። «ከስምንቱ አራቱ?»

«አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ዝም ይላል። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ዝም ይላል። ቤንዚን የማይበላብሽም ለዚያ ነው። የሞተ ምን ይበላል!»

ጋራዥ ተመልሰው ካቻቢቴዋን ቢያሳርፍ ስምንቱም አሉ። ቆሞ ሲሠራ ሞተሩ እንደ አዲስ ነው። ጋሽ ጆሮ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። እሳት የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ፈታ፤ የሞተ ሲሊንደር ካንዴላ ይጠቁራል፣ እነዚህ ግን ንጹሕ ናቸው። ንጹሕ መሆናቸው ይብስ አናደደው። በአዲስ ቀይሮ እንደገና አዋላጇን ይዞ ወጣ፤ ሜዳው ላይ አራቱ እንደገና ሞቱ፤ ዳገቱ ላይ ተነሡ።

ልጁ የመመርመሪያ መሣሪያዋን ይዛ ጠጋ አለችው። «አባዬ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ስማኝ። እነዚህ ሞተሮች ላይ...»

«ዝም በይ፤ እየሰማሁ ነው!»

አዎ፣ እንዲህ ነው ያላት። ልጁን ዝም አሰኝቶ ብረቱን ሰማ። በመጨረሻም «ሞተሩ ይከፈታል፤ ሌላ መፍትሔ የለውም» ብሎ ፈረደ። አዋላጇም ካመነችው ሰው ጋር ምን ትከራከራለች? መኪናውን ትታለት በሌላ ሰው መኪና ሄደች።

ዕድሜ ልኩን ጆሮው የነገረው ነገር ሲፈታ ተገኝቷል። አሁን ጆሮው አንድ ይላል፣ ካንዴላው ሌላ። ጆሮዬ ከዳኝ ማለት ነው? እያለ ማሰብ ጀመረ፤ ጆሮው ከሄደ ደግሞ ሐኪሙም ልጁም ትክክል ናቸው፣ ወንበሩም የሱ አይደለም። ለምሳ ቤት ገባ፤ ሚስቱ ከጓሮ ስትመለስ ካቻቢቴዋን ፍሪጁ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፍኖ አገኘችው።

«ፍሪጁ ምን ሆነ?»

«ደህና ነው።»

«አንተስ?»

ካቻቢቴዋን አስቀምጦ ገበታው ላይ ተቀመጠ። እሷም ምሳ ማቅረቧን ቀጠለች።

ምሳውን በልቶ፣ ሐኪሙ እንዲያርፍ ባዘዘው ሰዓት፣ ተመልሶ ያንን ሞተር ሊፈታ ጎንበስ አለ። የመጀመሪያውን ብሎን ለማላቀቅ ሲታገል ጋራዡ ዞረበት። መፍቻው ከእጁ ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ጮኸ፤ እሱም የመኪናውን ጠርዝ ይዞ ቀስ ብሎ መሬት ተቀመጠ። ልጁ ሮጣ መጣች። ውሃ ሰጠችው፣ አንገትጌውን ፈታችለት፣ ጎማ አንከባላ ጀርባውን አስደገፈችው።

«አባዬ» አለችው፣ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጣ፤ «አልሞቱም። ተኝተው ነው።»

«ማን ነው የተኛው?»

«አራቱ። ሞተሩ የተሠራው እንደዚያ ነው። መኪናው ከመጣ ጀምሮ ልነግርህ እየሞከርኩ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ያቋርጣት ነበር። አሁን ግን መሬት ላይ ነው ያለው፤ ተነሥቶ የሚሄድበት የለውም። ሰማት።

«ሜዳ ላይ ይሄ መኪና የሚፈልገው ጉልበት ጥቂት ነው» አለች። «ስምንቱም ይሥሩ ካልክ ለእያንዳንዳቸው ጠብታ ጠብታ ልታከፋፍል ነው። ለዚያ የአየር መግቢያውን በር ጠበብ ታደርገዋለህ። በሩ ሲጠብ ደግሞ ስምንቱም ትንፋሽ ለመሳብ ይታገላሉ፤ ጉልበታቸው እዚያው በመሳቡ ያልቃል። በቀጭን ቱቦ ውሃ እንደመሳብ ማለት ነው። ስለዚህ አራቱን ያስተኛል። ሥራው በቀሩት አራቱ ላይ ሲበዛ በሩ ሰፋ ይልላቸዋል፣ እንደ ልብ ይተነፍሳሉ፤ ያንኑ መንገድ በትንሽ ቤንዚን ይሄዱታል።»

«አንድ ጠረጴዛ ለስምንት ማንሳት በይኛ» አለ። «እግር ለእግር መረጋገጥ።»

«ልክ ነህ።»

«ግን እንዴት ይተኛል? ካምሻፍቱ መዞሩን አያቆም፤ እያንዳንዱን ቫልቭ መግፋቱ አይቀር።»

«ይገፋል። ቫልቩን የሚገፋው ዕቃ ግን እነዚያ አራቱ ላይ ከሁለት የተሠራ ነው፤ አንዱ ሌላው ውስጥ ይሰምጣል። አንድ ላይ የያዘቻቸው ትንሽ መቀርቀሪያ ናት። ኮምፒውተሩ ዘይት በግፊት ሲልክባት መቀርቀሪያዋ ትላቀቃለች። ከዚያ በኋላ ካምሻፍቱ ቢገፋም ዕቃው ወደ ውስጡ ይሰምጣል እንጂ ቫልቩን አይከፍትም። ቤንዚኑም እሳቱም ይቋረጣል።»

«ፒስተኑስ?»

«እሱ መውጣት መውረዱን አይተውም።»

ጋሽ ጆሮ ቀና አለ። መልኩ ተመልሶ ነበር። «እንግዲያው ምኑን ተኛው! ቫልቩ ተዘግቶበት፣ የታሰረ አየር ሲጨምቅ ሊውል? ይሄማ ልፋት ነው።»

ልጁ ሳትመልስለት ተነሥታ የልጆቿን የብስክሌት ጎማ መንፊያ ከማዕዘን አመጣች። እጀታውን ስባ የቱቦውን አፍ በአውራ ጣቷ ደፈነችና «ግፋው» አለችው። ገፋው፤ አየሩ እምቢ እያለ ተጨመቀ። «አሁን ልቀቀው።» ሲለቀው እጀታው ዘሎ ወደ ላይ ተመለሰ።

«የገፋኸውን መለሰልህ አይደል? ፒስተኑም እንደዚያ ነው። ሲወጣ የታሰረውን አየር ይጨምቃል፣ ሲወርድ አየሩ ያንኑ መልሶ ይገፋዋል። የሚባክነው ትንሽ ነው።»

ጋሽ ጆሮ «አንዴ ድፈኚው እስቲ» አለ። ገፋ፣ ለቀቀ። «እስቲ ድገሚው።» አሁንም ገፋ፣ ለቀቀ። ጎማ ሻጩ በበሩ ሲያልፍ አባትና ልጅ መሬት ተቀምጠው በመንፊያ ሲጫወቱ አይቶ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

«ዳገት ሲመጣስ?»

«ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ የዘይቱ ግፊት ይቋረጣል፣ መቀርቀሪያዋ ቦታዋ ትገባለች፣ ቫልቩ ይከፈታል። ሹፌሩ ሳያውቅ ስምንቱም ሥራ ላይ ናቸው።»

«ተኝተው ሲቆዩ አይቀዘቅዙም?»

«ከሚሠሩት ጋር አንድ ብረት ውስጥ አይደሉ? እነሱ ያሞቋቸዋል።»

ጋሽ ጆሮ መንፊያውን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ የጠየቀው ነገር ስለ ሞተሩ አልነበረም። «እኔ ታዲያ የሰማሁት ምንድን ነው?»

«የሰማኸውማ ልክ ነው፤ አራቱ ዝም ብለዋል። ሞተዋል ያልከው ብቻ ነው የተሳሳተው።»

በነጋታው ጠዋት አዋላጇ ስትመጣ ሦስቱም ወጡ። አዋላጇ ነዳች፤ ልጁ መመርመሪያዋን መኪናው ላይ ሰክታ ከኋላ ተቀመጠች፤ መሣሪያው የትኞቹ ሲሊንደሮች እንደሚሠሩ ያሳያል። ጋሽ ጆሮ ወደ መሣሪያው ላለማየት ዓይኑን ጨፈነ። ሜዳው ላይ «አንቀላፉ» አለ። ልጁ አየች፤ አንቀላፍተዋል። ዳገቱ ሥር «ነቁ» አለ። ነቅተዋል። ቁልቁለቱ አልፎ መንገዱ እንደገና ሲደላደል «ተመልሰው ተኙ፤ ኧረ እነዚህስ አያፍሩም» አለ። ልጁ ከኋላ ትከሻውን ያዘች።

«አባዬ፣ አንዴም አልሳትክ።»

ሰውዬው በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞረ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ደስ ብሎት ነው። ጆሮው አልከዳውም።

አዋላጇ ነገሩን ሁሉ ሰምታ ስትጨርስ በሳቅ ፈረሰች። «ጋሼ፣ እኛ ክፍል ቢሆኑ ጉድ ፈልቶ ነበር። ሕፃን ዝም ባለ ቁጥር እናቱን ሊያስደነግጡልኝ!»

«አንቺ ግን ቤንዚን አይበላም ስትይኝ ዝም ብዬ ብሰማሽ ኖሮ» አለ፣ እየሳቀ፤ «ይሄ ሁሉ ካንዴላ ባልተፈታ።»

ጋራዥ ሲደርሱ ልጁን ወደ ጎን ጠራት። «ከዛሬ ጀምሮ ከሰዓት ቤቴ ነኝ» አለ። እሷ ልትናገር ስትል እጁን አነሣ፤ ከዚያ ነገሩ ትዝ ብሎት አወረደና እስክትናገር ጠበቀ። እሷ ግን የምትለው ጠፍቷት ነበር። ስለዚህ ቀጠለ። «ለሜዳው አትጥሪኝ፤ ለሜዳው አራት ይበቃል። ዳገት ሲመጣ ግን ትጠሪኛለሽ። ትጠሪኛለሽ ወይ?»

«እጠራሃለሁ አባዬ።»

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ፤ ለሚስቱ ማለቴ ነው። ሰውዬው ምሳውን ይበላና የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ፣ የጫማውን ክር እንዳሰረ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ይቀመጣል። ስልኩ አይጠራም። የውጭውን በር ማጠፊያ ዘይት ቀባ፤ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ አጠበቀ፤ የማይንጠባጠበውንም ፈታ። ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ የተኛውን አትቀስቅስ!» ብላ ጮኸችበት። ውሎ አድሮ ግን ቤቱ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል ማየት ጀመረ። ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ አያውቅም ነበር። ሚስቱ ልብስ ስታጣጥፍ ለራሷ እንደምታወራ አያውቅም ነበር፤ አንድ ቀን እሱም ቁጭ ብሎ ካልሲ እያጣመረ ሰማት፣ ወሬዋ ደግሞ የሚያስቅ ሆኖ አገኘው። የልጅ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ደብተራቸውን ወርውረው መጀመሪያ ወደ ማን እንደሚሮጡም አወቀ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ካልሲ ሲያጣምር፣ ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ፣ ዳገት ነው።»

ጫማው እግሩ ላይ ነበር። ሚስቱ «ቀስ በል!» ስትለው በሩ ላይ ደርሷል።

ጋራዥ ሲገባ ኮፈኑ የተከፈተ መኪና የለም። መፍቻዎቹ ሁሉ በየቅርጻቸው ተሰቅለዋል። ልጁ ጎማ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ተለዋውጧል። ወንበሩ በሩ አጠገብ ባዶውን ነው፤ ዘይት የነካው ልብስ የለበሰ ሰው እንዳይቀመጥበት ንጹሕ ጨርቅ አልብሳዋለች። ጋሽ ጆሮ ወንበሩን አየው፣ ጨርቁንም አየው። ምንም ሳይል ሌላ ጎማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«የቱ መኪና ነው?»

«መኪና አይደለም፤ እኔ ነኝ።» እጇን በጨርቅ ጠረገች። «ከሰዓት የሚመጡ ሰዎች በሩ ላይ ይቆሙና ‹ጋሽ ጆሮ የሉም?› ይላሉ። የሉም ስላቸው መኪናቸውን አዙረው ይሄዳሉ። ዛሬ የድሮ ደንበኛችን ልብስ ሰፊው ሳይቀር ሄደ፤ ፍሬኑን ሁልጊዜ የምሠራለት እኔ ነኝ እኮ። ብልሽቱን አንተ ትነግረዋለህ፣ የምሠራው ግን እኔ ነኝ።»

ጋሽ ጆሮ አፉን ከፈተ። የሚለው ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ነገውኑ ከሰዓትም እመጣለሁ፣ በቃ፣ ሐኪሙ የፈለገውን ይበል። ይህን ሲጠብቅ አልነበር ጫማውን አስሮ የተቀመጠው? እንደ ድሮው ቢሆን ብሎት ጨርሶ ነበር። የልጁን ፊት አየና አፉን መልሶ ዘጋ።

ጠበቀ። እሷም ቀጠለች።

«ተመለስ ልልህ አይደለም የጠራሁህ። እንዳትመለስ። ብቻዬን ሆኜ እነሱን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ መቆም መቻል አለብኝ፤ እችላለሁም። ብቻ ዛሬ ከብዶኝ ነው። ለአንድ ሰው ልናገር አልኩ።»

«ተናገሪ» አለ።

ተናገረች። ስለ ልብስ ሰፊው፣ ስለ ሌሎቹም፣ ትምህርት ቤት እያለች ከወንዶቹ መሃል ብቻዋን ስለነበረችበት ጊዜ፣ እሱ ያልሰማቸውን ብዙ ነገሮች ተናገረች። በመሃል ዝም ስትል እሱም ዝም አለ። ዝም ያለችው ስለጨረሰች እንዳልሆነ ገብቶት ነበር። ስትጨርስ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ጉንጯ ላይ ዘይት አስነክታ ተነሣች።

«ጠዋት ልብስ ሰፊው ይመጣል» አላት፣ ሲወጣ። «‹መኪናህን ከሰዓት አምጣው፣ ባለሙያዋ ያኔ ነው ያለችው› እለዋለሁ።»

«እንዲያውም እንደዚያ በለው» አለች፤ ሳቀች።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ በር ላይ ጠበቀችው። «ምን ሆነች?»

ጋሽ ጆሮ ተቀምጦ ነገራት። የልብስ ሰፊውን ነገር፣ የትምህርት ቤቱን ነገር፣ የቱ ጋ ድምፅዋ እንደተሰበረ፣ የቱ ጋ እንደሳቀች፤ አንዱን ሳይዘል፣ ከራሱ አንድም ሳይጨምር ነገራት። ሚስቱ የያዘችውን ልብስ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስታየው ቆየች።

«ይሄን ሁሉ ሰማሃት?»

«ሰማኋት» አለ፣ የጫማውን ክር እየፈታ።